ጋሽ ይሻው ያልተፈለጉበት ቀን

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ አንድ ሽማግሌ ላይ ስጮህ ስታገኙኝ እንዳትደነግጡ ነው። አባቴ ከማል ሐሙሲት ላይ የልብስ ሱቅ አለው። ደንበኛ ሲያመነታ ክፉ ቃል እንዳይወጣኝ ብሎ «ሀያት፣ ግቢ» እያለ ወደ ጓዳ ይልከኝ ነበር። ይህንኑ ጠባዬን ይዤ ኮምፒውተር ተማርኩና ደብረ ታቦር አንድ ጤና ጣቢያ ተቀጠርኩ። ያስቀመጡኝ ካርድ ክፍል ነው፤ ከጋሽ ይሻው ጎን።

ጋሽ ይሻው ዓለምነው እዚያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሹራብ በሹራብ ላይ የሚደርቡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ሥራቸው ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል፤ ታካሚ ይመጣል፣ ካርዱን ያወጡለታል፣ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ካርድ የምንለው በቁጥር ተራ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠውን ማህደር ነው። ሰውየው ከዚህ በፊት የታመመው፣ የታዘዘለት መድኃኒት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ለታካሚው ቁጥሩ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ወረቀቱን ይዞ የሚመለስ ግን ከአሥር አንድ ሰው ቢገኝ ነው። የቀሩት «ጠፋብኝ» ይላሉ፣ «ዝናብ አበሰበሰው» ይላሉ። አንዷማ «ፍየል በላብኝ» ብላኛለች፤ አመንኳት።

እንዲህ ሲሆን የኔ ፊት ይጠቁራል። ጋሽ ይሻው ግን «የማን ልጅ ነህ? ከወዴት ነህ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ መሰላሉን ወጥተው ማህደሩን ይዘው ይወርዳሉ። አሥራ አንድ ሺህ ካርድ! ወላሂ፣ መጀመሪያ ሳያቸው አስማት መስሎኝ ነበር።

እኚህ ሰው በሰኔ ሠላሳ ጡረታ ሊወጡ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ፈንታነሽ ያሉት ይፋግ ነው። ከወላጆቻቸው የወረሱትን መሬት ጥለው ደብረ ታቦር ለመግባት አንድም ቀን አልተስማሙም፤ «የደብረ ታቦርን ብርድ ለጠላቴም አልመኘው» ይላሉ። የጋሽ ይሻው እንጀራ ደግሞ እዚህ ነው። እናም ባልና ሚስት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተያዩት በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው፤ እሳቸው ቅዳሜ በሚኒባስ ይወርዳሉ፣ እሑድ ማታ ይመለሳሉ። ልጆች የወለዱትም የዳሩትም በዚሁ መሃል ነው። ለጋሽ ይሻው ጡረታ ማለት ይፋግ ገብተው ከሚስታቸው ጋር በየቀኑ ምሳ መብላት ነው። ሌላ ምኞት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

እንቅፋቱ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ሲስተር ፋሲካ ናት። ክፉ ሆና አይደለም። «ጋሽ ይሻው ሲወጡ ካርድ ክፍሉ አብሯቸው ይወጣል፤ ቢያንስ አንድ ዓመት በኮንትራት ይቆዩልን» አለች። ማስገደድ አትችልም። ጋሽ ይሻው ግን እንቢ ማለት አልሆነላቸውም። «ሰው እዚህ እየተጉላላ እኔ ይፋግ ቁጭ ብዬ ምሳው ይወርድልኛል?» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። እንደዚህ ያለ ሰው ያናድደኛልም።

ያን ሰሞን ኢንተርኔት ከከተማው ጠፍቶ ነበር። ከበላይ የተሰጠን የኮምፒውተር መመዝገቢያ ያለ ኢንተርኔት ስለማይከፈት፣ እኔም የተቀጠርኩበትን ሥራ ትቼ አቧራ እጠርግ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ይሻው ኮምፒውተሩን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ «ይኼ ማሽን ከሌላ አገር ካልተነገረው ራሱ አያስብም?» አሉኝ።

«ያስባል ጋሼ። ሁሉንም ነገር እዚሁ እሱ ላይ መጫን ይቻላል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

የምጠብቀው ነገር አልነበረም፤ ስንፍና ነው። በነጋታው የራሳችንን የካርድ መፈለጊያ መሥራት ጀመርኩ። ኮዱን መጻፉ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ኮዱ እንዲሠራ የሚያስፈልጉት ደጋፊ ፕሮግራሞች ናቸው፤ እነሱ ከኢንተርኔት ነው የሚወርዱት። ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት ዋይፋይ አለ ሲሉኝ ላፕቶፔን ይዤ ወረድኩ፤ ያወረድኩትን በፍላሽ ይዤ ተመለስኩ። ስጭነው አንዷን ረስቻታለሁ። አንዲት ነገር! ያለ እሷ ምኑም አይነሳም። ጠረጴዛውን በቡጢ ስመታው ጋሽ ይሻው የቀለም እስክሪብቷቸውን ከመውደቅ አድነው፣ «ነገም መኪና አለ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ነበረ።

ሁሉም ከተጫነ በኋላ ምኑ ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። «ሦስት ነገር ነው ጋሼ። አንዱ መጋዘን ነው፤ ስሙና ቁጥሩ የሚቀመጥበት። አንዱ ስም የምንጽፍበት፣ መልሱን የምናይበት ገጽ ነው። አንዱ ደግሞ በሁለቱ መሃል ይመላለሳል፤ ከገጹ ጥያቄውን ተቀብሎ መጋዘን ገብቶ ይፈልጋል፣ ያገኘውን ይዞ ይመጣል።»

ጋሽ ይሻው መደርደሪያዎቹን አዩ። ታካሚ የሚቆምበትን መስኮት አዩ። ከዚያ የራሳቸውን ጉልበት እያሹ፣ «እና ይኼ መሃል ለመሃል የሚመላለሰው፣ ጉልበቱን አያመውም?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን ተላላኪው አሉት። በደብተራቸውም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ጠዋት በቅድሚያ መጋዘኑ ይከፈታል። ቀጥሎ ተላላኪው ይነሳል። በመጨረሻ ገጹ ይከፈታል። ተራው ከተዛባ ማንም አይመልስልህም።» ኮሌጅ ውስጥ ይህን በአንድ ወሰነ ትምህርት ነው የተማርኩት። እሳቸው በአራት መስመር ጨረሱት።

ሁሉም ነገር ግን አልጋ በአልጋ አልሆነም። ተላላኪው የሚሠራው ፊደል በሚርመሰመስበት አንድ ጥቁር መስኮት ውስጥ ነው። ጋሽ ይሻው ደግሞ ማንም የሌለበት ክፍል ውስጥ መብራት ሲበራ ካዩ ሳያጠፉ የማያልፉ ሰው ናቸው። ምሳ ሲወጡ ያንን ጥቁር መስኮት ይዘጉታል። ከምሳ ስመለስ ገጹ ተከፍቶ ቆሟል፣ ስም ብጽፍ መልስ የለም። ሦስት ቀን ሙሉ የኮዴን ስህተት ስፈልግ ከረምኩ። በአራተኛው ቀን እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ሰው ሳይኖር ለምን ይለፋል ብዬ ነው» አሉ፤ ለሰው እንደሚያዝን ሰው።

በማግስቱ ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ «ጥቁሩ አይዘጋ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። እኔን ለማስጠንቀቅ ይመስል በቀይ ነበር የጻፉት።

አሥራ አንድ ሺሁን ካርድ ከጥር እስከ ግንቦት አስገባነው። እሳቸው በአንድ ጣት፣ እኔ በአሥር። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ቢለዋወጡም ስሙ እንዲገኝ አድርጌ ሠርቼዋለሁ፤ በዚህም ልቤ አብጦ ነበር። ከእንግዲህ የሚያመልጠኝ ስም የለም ብዬ አስቤያለሁ።

በግንቦት መጨረሻ ሲስተር ፋሲካ የሙከራ ቀን ቆረጠች። ደንቡ አጭር ነው። እኔ ብቻዬን መስኮቱ ላይ እቀመጣለሁ፤ ጋሽ ይሻው ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ቀኑ ያለ እሳቸው ካለፈ በሰኔ ሠላሳ እንሸኛቸዋለን። ካላለፈ ኮንትራቱን ይፈርማሉ። «ይሁን» አሉ።

እስከ ምሳ ድረስ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ስም ይነግሩኛል፣ የአባት ስም ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ፣ ቁጥሩ ይወጣል፣ ከመደርደሪያው አነሳለሁ። በየመሃሉ በመስኮቱ አሻግሬ ጋሽ ይሻውን አያቸዋለሁ። ከንፈራቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር።

ከምሳ በኋላ ከጋፋት በኩል አንዲት ነፍሰ ጡር ከአማቷ ጋር መጣች። ወጣቷ ነጠላዋን አፏ ድረስ ተከናንባለች፤ የምትናገረው አማቷ ናት።

«ስሟ ማን ነው እማማ?»

«ወርቅነሽ ናት፣ የኔ ልጅ።»

«የአባቷስ ስም?»

«ደሳለኝ።»

ጻፍኩ። ወርቅነሽ ደሳለኝ የሚባል የለም። ወርቅነሽ ብቻ ብዬ ፈለግኩ፤ ስድሳ ሁለት ወጡ፣ አንዷም የደሳለኝ ልጅ አይደለችም። «ከዚህ በፊት እዚህ ታክማ ታውቃለች?» አልኩ። «ታክማለች እንጂ» አሉ አማትየው። ወጣቷን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሟል። ደሜ መፍላት ጀመረ። ተሳስተው ይሆናል፣ ሌላ ቦታ ታክማ ይሆናል አልኩና አዲስ ማህደር አውጥቼ፣ ስሟን ጽፌ ሰጠኋቸው። ባዶ፣ ነጭ ማህደር።

እነሱ ዞር እንዳሉ ጋሽ ይሻው ከአግዳሚው ሲነሱ አየሁ። ቁጭ አሉ። ደግመው ተነሱ። የሚሆነው ገባኝና በእጄ «ይቀመጡ!» አልኳቸው። እሳቸው አላዩኝም። በቀጥታ ወደ ክፍሉ ገቡ፣ መሰላሉን ጎተቱ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ወጥተው አንድ የቆሸሸ ወፍራም ማህደር ይዘው ወረዱ። ላዩ ላይ «ብርቱካን ደሳለኝ» ይላል። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። በቀይ ተጽፏል፤ በመጀመሪያ ልጇ ጊዜ ብዙ ደም ፈስሷት ወደ ሆስፒታል ተልካ ደም ተሰጥቷት እንደተረፈች፣ ሁለተኛውን እዚህ እንዳትወልድ።

ማህደሩን ይዤ ሮጥኩ፤ የአዋላጇ ክፍል በር ላይ ደረስኩባቸው። ሲስተር ፋሲካም እዚያው ነበረች፤ ቀዩን ጽሑፍ አነበበች፣ ሆስፒታል እንድትወልድ የሚያዘውን ወረቀት እዚያው ቆማ ጻፈችላት። ከዚያ ወደ ጋሽ ይሻው ዞራ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ሙከራው አለቀ» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ጋሽ ይሻው አንገታቸውን ደፉ።

ካርድ ክፍሉን ዘግቼ ጮህኩባቸው። ያልኳችሁ ይሄ ነው።

«ብርቱካን ወርቅነሽ መሆኗን እንዴት አወቁ?»

«አማቷ ያወጣችላት ስም ነዋ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት በሱ ነው የምትጠራው። አማቷ ፊት ቆማ የአባቷን ቤት ስም አትናገርም፣ ታፍራለች። ካርዱን ደግሞ በልጅነቷ ያወጣሁላት እኔው ነኝ፤ መልኳን አውቀዋለሁ።»

«አምስት ወር ሙሉ! አምስት ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው ይህንን አይነግሩኝም? ሴትየዋ ብትሞትስ?»

ጋሽ ይሻው መነጽራቸውን አወለቁ። «ኧረ ልጄ፣ ይኼ ደግሞ የሚነገር ነገር መች መሰለኝ? ሰው ሁሉ የሚያውቀው።»

ሰው ሁሉ አያውቀውም። የሐሙሲት ሱቅ ውስጥ ያደገች የከማል ልጅ አታውቀውም። ግን እውነታቸውን ነበር፤ አልደበቁኝም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያዩት የኖሩት ነገር ዕውቀት መሆኑን የነገራቸው ሰው የለም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ግማሹ ለሴትየዋ፣ ግማሹ በኔ ምላስ አፍሬ። በማግስቱ ጠዋት ይቅርታ ስጠይቃቸው «የቱን?» አሉኝ። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው።

ሲስተር ፋሲካን ዐይኔን በጨው አጥቤ አንድ ተጨማሪ ዕድል ለመንኳት፤ ለሰኔ ሃያ ፈቀደች። ሥራዬን ቀጠልኩ። መጋዘኑ ውስጥ «ሌላ ስም» የሚል ቦታ ከፈትኩ፣ ገጹም ላይ እንደዚያው ጨመርኩ። የብርቱካንን ሌላ ስም ጽፌ አስቀመጥኩና ፈለግኳት፤ የለችም። ደግሜ ጻፍኩ፤ የለችም። ግማሽ ቀን ሙሉ ፀጉሬን ስነጭ ጋሽ ይሻው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ለመሆኑ ተላላኪውን ነግረሽዋል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«መጋዘኑ አዲስ ቦታ ተከፍቶለታል። መስኮቱም ይጠይቃል። መሃል ያለው ሰውዬ ግን ካልነገርሽው በየት በኩል ይወቅ? እኔም እኮ አዲስ መደርደሪያ መጥቶ ካልነገሩኝ እዚያ ሄጄ አልፈልግም።»

መሃል ያለውን ኮድ ከፈትኩት። እውነትም አልነገርኩትም። ሁለት መስመር ጨመርኩ፣ አስነሳሁት፤ ወርቅነሽ ብዬ ስጽፍ ብርቱካን ደሳለኝ ከነቁጥሯ ወጣች። ጋሽ ይሻውን ጉንጫቸውን ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን ወደ ሰልፉ ዞረው «ቀጥሎ!» ብለዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት በሕይወቴ ከሁሉ በላይ የተደሰትኩበት ጊዜ ነው። ታካሚ ቀለል ሲል ጋሽ ይሻው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ያስጠጋሉ፣ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፣ መንደር በመንደር ይነግሩኛል። «ጋፋት በታች፤ የአዳነ ሚስት። አባቷ ቤት እናኑ፣ አማቷ ዘንድ የሺወርቅ። ቀጥሎ ያለው ቤት የመልካሙ ነው፤ የሱ ሚስት እንኳ አማቷ ሞተዋል፣ ስሙ ግን ቀርቷል።» እጽፋለሁ። የማያስታውሷትን መስኮቱ ላይ ስትመጣ ይጠይቋታል፤ አማት አብራ ካለች ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ስምንት መቶ ሃያ ሴቶች ሆኑ። አንዳንዷ የራሷን የልጅነት ስም ከአፏ ስታወጣ ፊቷ በራ ይል ነበር። እኔም መጠየቁን ተማርኩ። ሳልቆጣ መጠየቁን ማለቴ ነው።

ሰኔ ሃያ ደረሰ። የገበያ ቀን ነበር። በዚህኛው ሙከራ ጋሽ ይሻው አግዳሚው ላይም እንዳይቀመጡ ተከለከሉ፤ ከተከራዩት ቤት እንዳይወጡ፣ ከጨነቀኝ ብቻ እኔ እንድደውልላቸው። አንዴ ከደወልኩ ሙከራው ወደቀ ማለት ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደብተራቸውን ገልጬ በተራው አስነሳሁ፤ መጋዘኑን፣ ተላላኪውን፣ ገጹን። ገበያተኛው ከነአህያው ግቢውን ሞላው። ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሰው ሁሉ ዐይን ዐይኔን ሲያየኝ ስልኬ እጄ ውስጥ ነበር። አልደወልኩም። መብራት መጣ፤ ደብተሩን ገለጥኩ፤ እንደገና በተራው አስነሳሁ። ከቀትር በኋላ ሦስት ሴቶች አማቶቻቸው ባወጡላቸው ስም መጡ፤ ሦስቱንም አገኘኋቸው። ሰው ካርዱን ካገኘ ማን እንዳወጣለት አይጠይቅም። እየተቀበለ ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጨረሻዋ ታካሚ ስትወጣ መቶ አርባ ሰባት ካርድ አውጥተን ነበር። ሲስተር ፋሲካ በሩ ላይ ቆማ መዝገቡን አየች፣ ሳቅ አለችና፣ «በይ አንቺው ንገሪያቸው» ብላኝ ሄደች።

ልነግራቸው ስወጣ በር ላይ አገኘኋቸው። ከቤት እንዳይወጡ የተባሉት ሰው አዲሱን ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል።

«ስልኬ ትሠራለች?» አሉኝ። «ስትጮህ አልሰማሁም። ሁለቴ ባትሪዋን አውጥቼ መለስኩ።»

«ትሠራለች ጋሼ።»

«እና ማን ፈለገኝ?»

ልዋሽ አስቤ ነበር። አንድ ሰው ጠይቆዎት ነበር ልላቸው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን አምስት ወር የለፉት ለዚህች መልስ ነው።

«ማንም» አልኳቸው።

«አንድ ሰው እንኳ?»

«አንድም ሰው።»

አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም። «ደስ ብሎኝ ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ከፍቶኛልም። ሁለቱም ነው፣ ሀያትዬ።» እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ክንዳቸውን ያዝኳቸው።

ከዚያ ስልካቸውን አወጡና ይፋግ ደወሉ። ጋሽ ይሻው ስልክ የሚያወሩት ድምፁን ለቀው ስለሆነ ጆሮዬን መክደን አልቻልኩም።

«ፈንታ» አሉ። «ዛሬ ቀኑን ሙሉ ማንም አልፈለገኝም። መቶ አርባ ሰባት ሰው መጥቶ፣ ማንም።»

ከዚያ የእትዬ ፈንታነሽ ድምፅ ግቢው ውስጥ አስተጋባ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ስፈልግህ የኖርኩት እኔስ፣ ሰው አይደለሁም?»

ጋሽ ይሻው ስልኩን አዩት። እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፣ ኮፍያቸውን አጠለቁ፣ ከአግዳሚው ተነሱ። ከዚያ እኔን ረስተውኝ፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በሐምሌ አንድ በየትኛው ሚኒባስ እንደሚመጡ ለሚስታቸው መናገር ጀመሩ።